የወለደች ውሻ ከነቡችሎቿ፦ ድሬ ላይ የት ትግባ?

«መጠለያ የት አለ?» ሰፈር ውስጥ ውሻ በወለደች ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ጠያቂው ቅን ሰው ነው። ቡችሎቹ ቱቦ ዳር ተኮልኩለው አይቷል። የእናቲቱ አጥንት ወጥቶ አይቷል። አንጀቱ አልቻለም። የሚደውልበት ስልክ ይፈልጋል። መኪና መጥቶ ሁሉንም ጭኖ እንዲሄድለት ይፈልጋል። አቦ፣ ማን አይፈልግም!

ይህ ሐሳብ በአብዛኛው ከአሜሪካ ቪዲዮዎች የመጣ ይመስለኛል። እዚያ በእርግጥ የከተማና የካውንቲ መጠለያዎች አሉ። ብዙዎቹ ግን ከአቅማቸው በላይ የሞሉ ናቸው፤ ቦታ ሲጠፋ ውሻ በመርፌ ይገደላል። ለቡችላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ብዙ ውሻ ባለፈበት ክፍል ሲያድር ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በቀላሉ ይይዘዋል። ያስታውከዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣበታል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እዚያ «ሬስኪው» የሚባሉት ቡድኖች እናትና ልጆችን ከመጠለያው ለማውጣት ነው የሚሯሯጡት። አውጥተው የት ይወስዷቸዋል? አንድ ሰው ቤት። ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው እዚያው ያድጋሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አሳዳጊ ይፈለግላቸዋል።

መጠለያ በሞላበት አገር እንኳ የወለደች ውሻ የምትተርፈው ሰው ቤት ገብታ ነው። ድሬ ላይም ሐረር ላይም ልንፈልግላት የሚገባው እሱኑ ነው፦ የሚዘጋ በር፣ ጥላ፣ ውሃ፣ እና ለሁለት ወር «እኔ አለሁ» የሚል አንድ ሰው። ከታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኩት በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ዕድሜያቸውን እዩ

ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው የቡችሎቹ ዕድሜ ነው። ዓይናቸው ካልተከፈተ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም ማለት ነው። ዓይናቸው ተከፍቶ እየተንገዳገዱ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ገደማ ናቸው። ትንንሽ ጥርስ አውጥተው እርስ በርስ መነካከስና መጫወት ከጀመሩ አራት ሳምንት ደርሰዋል። ሊጠቡ ሲያሳድዷት እሷ እየሸሸቻቸው ከሆነ ደግሞ ጡት መጣያቸው ተቃርቧል፤ ስድስት ሳምንት አካባቢ ናቸው።

ዓይናቸው ያልተከፈተ ቡችሎች የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉም። በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ድሬ ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ እዚህ የሚፈራው የተገላቢጦሹ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ቆርቆሮ ሥር የተዘጋበት ቡችላ ይሞታል። ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሐረር ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ድሬ ላይ ምድጃ የሚሆነው የቆርቆሮ ቤት ሐረር ላይ ፍሪጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ውሻ መሆኗን አጣሩ። እኛ አገር ጎዳና ላይ የምትታይ ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለችም። ቀን ቀን ትዞራለች፣ ማታ የአንድ ሰው በር ላይ ትተኛለች። ሱቁን፣ ዘበኛውን፣ ልጆቹን ጠይቁ። ልጆች ሁልጊዜ ያውቃሉ፤ ስምም አውጥተውላት ሊሆን ይችላል።

ባለችበት ትቆይ

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለዋል። እኔ ግን ከብዙዎቹ አስቀድመዋለሁ። ቦታው ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ጥላ ያለው፣ ጎረቤቱም የማይጠላት ከሆነ እሷን ከማንቀሳቀስ ምግብ ማመላለስ ይሻላል። የሰው እጅ ሲበዛባት ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ ትወስዳቸዋለች። አዲሱ ቦታ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት እንኳ አትጠጓቸው።

ድሬ ላይ በፍጹም የማይተዉበት ቦታ ግን አለ፤ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ። በበጋ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ድልድዩ ሥር ጥላ ነው፣ ለወለደች ውሻ ገነት ይመስላል። ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከተራራው ሊወርድ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል፤ ለድሬ ሰው ይህ አይነገረውም። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ላይ ቡችላ አይደርም። ክረምት ብቻ አይምሰላችሁ፤ በልግም ያው ነው።

ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ አለ። ሐረር ከጅብ ጋር ተስማምታ የምትኖር ከተማ ናት። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚያጎርሷቸው ሰዎች አሉ። የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ጠራርጎ ይወጣል። ከሰው ጋር ያለው ስምምነት ግን ውሻን አይጨምርም። ጅብ ውሻ ይበላል፣ ቡችላማ ምኑ ይነገራል። ስለዚህ ሐረር ላይ «ባለችበት ትቆይ» የሚሠራው ሌሊት ሌሊት የሚዘጋ በር ካለ ብቻ ነው። ከግንቡ ውጭ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ከወለደችማ ምርጫ የለም፤ ሳይመሽ ትነሳ።

ሌላው ነገር መርዝ ነው። ውሻ ሲበዛ መርዝ መበተን በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። ዘመቻ አለ የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ ወይም አንድ ጎረቤት «ቆይ አሳያቸዋለሁ» ማለት ከጀመረ፣ በዚያው ቀን አንቀሳቅሷቸው። ጎረቤትን ቀድሞ ማናገር ብዙ ነገር ያቀልላል። «ሁለት ወር ብቻ ነው፣ ክትባት እናስወጋታለን፣ ቡችሎቹን እኛ እናነሳለን» ብትሉት አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። የሚያናድደው ማለቂያው የማይታወቅ ነገር ነው።

ምግቡን በተመለከተ፦ የምታጠባ ውሻ፣ በተለይ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች። ሩዝ ወይም ፓስታ በሥጋ መረቅ ጥሩ ነው። ድሬ ላይ ፓስታ የማይተርፍበት ቤት የት አለ? ቀይ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን አይሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ከሉካንዳ የሚጣለውን ሳንባና ጉበት ደግሞ በጥሬው አትስጡ። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ሳንባና ጉበት ውስጥ የትል እጭ አለ። ውሻዋ ጥሬውን ከበላችው ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ይወጣል። ያ እንቁላል ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉት፣ አለቀ። ውሃውን ደግሞ ጥላ ውስጥ፣ ቶሎ በማይገለበጥ ዕቃ አስቀምጡላት። ድሬ ላይ ምግብ አንድ ቀን ቢቀር ትችላለች፤ ውሃ ቢቀር አትችልም።

የራሳችሁ ጊቢ

ጊቢ ካላችሁና አከራይ ከላይ ካልተቀመጠባችሁ፣ ቡችሎቹም ከአራት ሳምንት በታች ከሆኑ፣ አደጋ ላይ ላለች እናት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ከባዱ ማስገባቱ ነው። ጨዋ የነበረች ውሻ ስትወልድ ትናከሳለች፤ አትፍረዱባት። ለጥቂት ቀናት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ ምግብ ይቅረብላት። ስትላመድ ቡችሎቹን በካርቶን አድርጋችሁ፣ ዓይኗ እያየ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጊቢው ውሰዱ። ትከተላለች። ቡችሎቹን ደብቃችሁ ከወሰዳችሁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ታድራለች፤ ሰፈሩም አብሮ ያድራል።

ማረፊያዋን ከቆርቆሮ ሥር አታድርጉት። የኒም ዛፍ ጥላ፣ ንፋስ የሚገባበት በረንዳ፣ ከደረጃ ሥር ያለች ባዶ ቦታ፣ ሁሉም ከተዘጋ ዕቃ ቤት ይሻላሉ። ከሥሩ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ጨርቁ በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ቡችሎች የእናታቸውን ሙቀት የሚፈልጉ ናቸው፤ የድሬን ፀሐይ ግን አይችሉም።

የጊቢ ጎረቤት ጉዳይ ስስ ነው። ድሬና ሐረር ላይ በአንድ ጊቢ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረን እንኖራለን። በዚህ አካባቢ በሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ስለዚህ ውሻዋ ከውዱእ ቦታው፣ ከመስገጃው፣ ከዕቃ ማጠቢያው ትራቅ። ይህን ሳትጠየቁ ራሳችሁ ካደረጋችሁት ጠብ የለም። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ጎረቤት የለኝም። ብዙ ጊዜ አጥንት ቀድመው የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

መድኃኒት ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። መዥገርና ቁንጫ አይታችሁ ለከብት የሚረጨውን ኬሚካል ቡችላ ላይ አታፍስሱ፤ ይመርዛቸዋል። አይቨርሜክቲን የሚባለው መርፌም ለግመልና ለበሬ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ለሕፃን ቡችላ ሲሰጥ ሊገድል ይችላል። በዚያ ዕድሜ መዥገር በወረንጦ ይነቀላል፣ ቁንጫ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ይለቀማል። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል። የሆድ ትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ መጠኑ በክብደታቸው ስለሚሰላ ሐኪም ይመዝናቸው።

አንድ ምልክት አትርሱ። ወልዳ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሆናት መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና ማለክለክ ከጀመረች፣ ደሟ ውስጥ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቡችላ የምታጠባ ትንሽ ውሻን ይህ ቶሎ ያጠቃታል። ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በሰዓታት ልትሞት ትችላለች። ቡችሎቹን ለይታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ምራቅ እየተዝረበረበች፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ ከሆነ ግን አትንኳት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በር ዘግታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ዘበኛ ያለው ጊቢ

ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። መጋዘን፣ ጋራዥ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ግንባታው ያለቀ ግን ያልተከራየ ሕንፃ። ድሬ ላይ ሰፊ ጊቢ፣ ትልቅ ዛፍና ሌሊት የማይተኛ ሰው ያለበት ቦታ ሞልቷል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ብቻ ብትዞሩ ስንት ታያላችሁ። ውሻዋ ጥቅም ትሰጣለች፣ ዘበኛው ጓደኛ ያገኛል፣ እናንተም ቤታችሁ ሰላም ይውላል።

ስኬቱ በዘበኛው ይወሰናል። ሥራ አስኪያጁ እሺ ብሎ ዘበኛው ፊቱን ካጠቆረ በሳምንቱ ውሻዋ በሩ ውጭ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አናግሩ። በአክብሮት፣ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብላችሁ፣ በምርቃና ሰዓት ሳይሆን በማለዳ። ምግቡን እናንተ እንደምታመጡ፣ ለድካሙም በየሳምንቱ የሆነ ነገር እንደምትሰጡት ንገሩት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ሂዱ። «ዘበኛችሁ ተስማምቷል» ማለት ብዙ በር ይከፍታል።

ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። የአይጥ መርዝ የሚቀመጥበት ጊቢ ከሆነ ይቅር፤ እህል መጋዘን ላይ ይህ የተለመደ ነው። መኪና ወደ ኋላ እያለ የሚገባበት ከሆነ ቡችሎቹ የሚከለሉበት ጥግ ይኑር፤ አይሱዙ ሾፌር ከኋላው ያለ ቡችላ አይታየውም። ሌላ ውሻ ካለ ደግሞ አይሆንም፤ ይጣላሉ፣ በሽታም ይሰጣጣሉ። ትምህርት ቤት ከሆነ ለክረምት ዕረፍት አመቺ ነው። ተማሪ እያለ ግን አልመክርም። ልጆች ቡችላ ሳያቅፉ ማለፍ አይችሉም፣ እናቲቱ ደግሞ ይህን አትወድም።

ሐረር ላይ ጀጎል ውስጥ ያሉት ቤቶች የጠበቁና የቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ በኩል ያሉ የድርጅት ጊቢዎችን ሞክሩ። አጥሩ ጅብ የማያሾልክ መሆኑን በእግራችሁ ዙራችሁ እዩ። የአጥሩ ሥር ተቆፍሮ ክፍተት ካለ በድንጋይ ይደፈን።

ወደ አዲስ አበባ መላክ

አዲስ አበባ ውሻ የሚያነሱ ሰዎችና ትንንሽ መጠለያዎች አሉ። ለአንዳንድ ውሻ ትክክለኛው መፍትሔ ነው። ለምታጠባ እናትና ለሕፃናት ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ምክንያቱን ላስረዳ። መንገዱ እንደምትሄዱበት አቅጣጫ 450 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ሚኤሶና አዋሽ ላይ በቀትር ካርቶን ውስጥ የታፈነ ቡችላ አይተርፍም። ከዚያ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ ወዳለው ብርድ ትወጣላችሁ። ድሬ የተወለደ የሦስት ሳምንት ቡችላ የአዲስ አበባን የነሐሴ ሌሊት አያውቀውም። ስትደርሱ ደግሞ የሚገባው ሌሎች ውሾች ያሉበት ጊቢ ነው፤ ፓርቮን እዚህ ላይ አስታውሱ።

የግድ ከሆነ፣ ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሞልቷቸው፣ የትል መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ የመጀመሪያውን ክትባት ወስደው ይሂዱ። ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ጭነት ላይ ሳይሆን ሰው የሚያያቸው ቦታ ይቀመጡ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ቁልቢ ገብርኤል ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ይጨናነቃል፤ ሌላ ቀን ምረጡ። የሚቀበላችሁን ሰው ደግሞ አስቀድማችሁ በስልክ አናግሩ። አሁን ስንት ውሻ አለህ? የታመመ የሚለይበት ክፍል አለህ? ሴቶቹን ታስመክናለህ? መጀመሪያ ገንዘብ ላኩ የሚል፣ ጊቢውን በቪዲዮ አሳይ ሲሉት የሚያመነታ ሰው ከሆነ፣ ውሻዋ ድሬ ትቆይ።

ሆለታ አጠገብ ያለውን እንሰሳ ኮቴንም የሚጠቅሱ አሉ። እሱ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ነው፤ ለአንበሳና ለአቦሸማኔ የተሠራ።

ቡችሎቹን አሁኑኑ ማከፋፈል

አይሆንም። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ የተለየ ቡችላ በሽታ መከላከያውም ጠባዩም ይጎድለዋል። ሲጫወት ምን ያህል መንከስ እንዳለበት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። በሦስት ሳምንቱ የተወሰደ ቡችላ አድጎ የሚናከስ ሆነ ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ነው።

እናቲቱ ሞታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም የላም ወተት ብቻውን አይበቃም። ከውሻ ወተት ያነሰ ስብና ፕሮቲን አለው፣ ተቅማጥም ያመጣል። ለቡችላ የሚሆን የዱቄት ወተት ሐኪም ዘንድ ጠይቁ። ሌላ የምታጠባ ውሻ ሰፈር ውስጥ ካለች ደግሞ ከጡጦ እሷ ትሻላለች፤ ብዙ ጊዜ ትቀበላቸዋለች።

በጆንያ አድርጎ ሽንሌ መንገድ ላይ መጣልን እንደ አማራጭ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት፦ ውሃ በሌለበት ሜዳ ቀስ ብሎ መግደል ነው።

ሐኪም፣ ንክሻ፣ ክትባት

የትኛውንም አማራጭ ብትመርጡ ሐኪም ያስፈልጋል። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች በአብዛኛው ለግመል፣ ለፍየልና ለከብት የተዘጋጁ ናቸው፤ ቢሆንም ሐኪሙ ውሻም ያያል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከበድ ላለ ነገር ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከድሬ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሐረር 20 ገደማ ነው። የደንገጎ ዳገት ውሻን ስለሚያስታውክ ከጉዞው በፊት አታብሏት።

እናቲቱ እያጠባችም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ትችላለች። ቡችሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወራቸው ይከተባሉ፤ የሚወስዳቸው ሰው ይህን አውቆ ይውሰድ።

ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚመልሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከምልክቱ በፊት ከተወሰደ ነው። ጠበል መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፣ ግን መርፌውን ወስዳችሁ። ውሻዋንም አትግደሏት፤ ለ10 ቀን በሚዘጋ ቦታ ትታይ። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነች በነከሰቻችሁ ቀን በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ?

ድሬ ላይ ሆናችሁ፣ ቦታው ደህና ከሆነና ጎረቤት ካልተቃወመ ባለችበት መግቧት፤ ጎን ለጎን ዘበኛ ያለው ጊቢ ፈልጉ። ደቻቱ ውስጥ ወይም አስፋልት ዳር ከሆነች ዛሬውኑ ወደ ጊቢ ትግባ፣ የማንም ጊቢ ይሁን። ሐረር ላይ ከሆናችሁ ከመምሸቱ በፊት በር ፈልጉ፣ ሌላው ሁሉ ነገ ይታሰባል። ጊቢ ያለው ሰው ጨርሶ ካልተገኘና እናቲቱ ከታመመች መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ጉዞ። ተከራይ ሆናችሁ አከራያችሁ የማይታገስ ከሆነ ደግሞ እናንተ ምግብና ገንዘብ አሰባሳቢ ሁኑ፣ ጊቢውን ሌላ ሰው ይስጥ። አንድ ሰው ሁሉንም ሲሸከም ነው በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን የሚያጠፋው።

ስምንት ሳምንት ሲሞላ ወንዶቹ ቶሎ ይሄዳሉ። ሁሉም ሰው ለዘበኝነት ወንድ ይፈልጋል። ሴቶቹ ይቀራሉ፤ «ትወልድብኛለች» ይላሉ። ስለዚህ ሴት ቡችላ ስትሰጡ የማስመከኛውን ወጪ አብራችሁ ብታቀርቡ ነገሩ ይቀላል። ቡችላውን ሊወስድ የመጣ ሰው ቤት ሄዳችሁ እዩ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ ሊያስር ከሆነ፣ ወይም «ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን እቆርጠዋለሁ» ካለ፣ በጨዋነት «ሌላ ሰው ቀድሞ ጠይቆናል» በሉት።

እናቲቱን አትርሱ። ቡችሎቹ ሲሄዱ ሁሉም ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ውሻ በአማካይ በየስድስት ወሩ ወንድ ትፈልጋለች፣ እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው፤ እንዲሁ ከተለቀቀች ዓመት ሳይሞላ እዚያው ቱቦ ዳር ናችሁ። እንዳትወልድ ተብሎ የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ርካሽ ነው፤ ግን ማህፀኗ መግል እንዲቋጥርና የጡት ዕጢ እንዲወጣባት ሊያደርግ ይችላል። የሚሻለው ኦፕራሲዮን ነው። ጡት ካስጣለች ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ወተቷ ሲደርቅ ይሠራላታል። ቀጠሮውን የመጨረሻው ቡችላ ከመሄዱ በፊት ያዙ። ቡችሎቹ ከጊቢው ከወጡ በኋላ ለእናቲቱ ብሎ የሚያዋጣ ሰው አይገኝም።